«አምበር» የሚለውን ስም ማን አወጣው?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከቶሮንቶ ደወለልኝ። ሚስቱ ልትወልድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር፤ ወንድ መሆኑም ታውቋል። «ጋሼ፣ ስም አግኝቻለሁ፤ አምበር ልለው ነው» አለኝ። እኔ የሰማሁት «አምባር» ነው። «ምነው ለወንድ ልጅ የእጅ ጌጥ?» ብለው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! መሊክ አምበርን አታውቀውም እንዴ? ሕንድን የገዛው ሐበሻ!» አለና ስልኩን እስክንዘጋ ድረስ ከኢንተርኔት ያነበበውን ሁሉ ዘረገፈልኝ።

መሊክ አምበርን አውቀዋለሁ። በሙያዬ የውኃ መሐንዲስ ነኝ፤ ሰውየውንም ያወቅሁት በጀግንነቱ ሳይሆን በቦዩ ነው፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ነገር ግን «ስሙ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ በስልክ የሚሆን መልስ አላገኘሁም። እነሆ ውድ አንባቢያን፣ ለአንድ ሰው ልጽፍ የጀመርኩት ደብዳቤ ረዝሞ ለእናንተም ተረፈ።

ከቃሉ ልጀምር። በመሥሪያ ቤታችን ከላሆር የመጣ ባልደረባ አለኝ፤ የሴት ልጁ ስም አምበር ነው። በኡርዱ ሲጻፍ ዓይን፣ ኑን፣ በ፣ ረ ተብሎ ነው፤ ማለትም ፊደሉ «ዓንበር» ይላል፣ አፍ ግን «አምበር» ይላል። «ን» ከ«በ» ፊት ስትቆም ወደ «ም» የምትሸሸው በእኛም አፍ ስለሆነ ይህ አይገርመንም። ዛሬ በፓኪስታንም ሆነ በሕንድ ሙስሊሞች ዘንድ ስሙ ከሞላ ጎደል የሴት ሆኗል። እንዲያውም ከራሱ ከአምበር ይልቅ ከእሱ የወጣው «አምብሪን» ይበልጥ ይሰማል፤ ትርጉሙም አምበር አምበር የምትሸት፣ መዓዛዋ የሚያውድ እንደ ማለት ነው። አምበር የሚባል ወንድ ግን ባልደረባዬ በዕድሜው አላጋጠመኝም ይላል። ሕንዶች «አምበር» የሚሉት የወንድ ስም አለ፤ እሱ ግን ከሳንስክሪት የመጣ፣ ሰማይ ማለት የሆነ፣ በድምፅ እንጂ በዘር የማይገናኝ ሌላ ቃል ነው። ልጅቷ እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ በ1980ዎቹ እጅግ ታዋቂ ከነበረው የአሜሪካኖች «አምበር» ጋር አንድ አድርጋ ጻፈቻት። አባትየው መጀመሪያ ተናደደ። ኋላ ግን ሁለቱም ከአንድ የዓረብኛ ቃል እንደሚወርዱ ሲያውቅ ንዴቱ በረደለት። ፈረንጆቹ ቃሉን ከዓረቦች ወስደው፣ ባሕር ዳር ለሚገኘው ሌላ ነገር፣ ለቢጫው የዛፍ ሙጫ ቅሪት ሰጡት።

ዋናው አምበር ግን ሙጫ አይደለም፤ ከዓሣ አንበሪ ሆድ የሚወጣ ነገር ነው። አዎ፣ ዮናስን ከዋጠው! የግዕዙ ዐንበሪና የዓረቦቹ ዓንበር አንድ ቃል ናቸው። በዓረብኛም ዓንበር ሽቶው ብቻ ሳይሆን የባሕሩ አውሬ ራሱ ነው፤ የነቢዩ ሰሐቦች በዘመቻ ላይ ተርበው ሳሉ ባሕር የተፋውን ዓንበር የሚባል ግዙፍ ዓሣ እንደ በሉ በሐዲስ ተጽፏል። እኛ አውሬውን ይዘን ቀረን፤ ኡርዱዎች ሽቶውን ወሰዱ።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት ዓሣ አንበሪ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ይበላል። የስኩዊዱ አፍ እንደ ወፍ ምንቃር ደረቅ ነውና አይፈጭለትም። አንጀቱ እንዳይቆረጥ በዚያ ምንቃር ዙሪያ ሰም መሰል ነገር ይጋገራል። ሲወጣ ጥቁር ነው፤ ሽታውም እበት እበት ይላል። ከዚያ በጨው ውኃና በፀሐይ ለዓመታት ሲንሳፈፍ ግራጫ ይሆንና ሌላ ሽታ ያወጣል። ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት ሌላውን መዓዛ አስሮ ስለሚያቆይላቸው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የየመን ዓሣ አጥማጆች በኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሞተ ዓሣ አንበሪ ሆድ 127 ኪሎ ያህል አግኝተው አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ማውጣቱ በዓለም ዜና ተነግሮ ነበር። በሕንድና በአሜሪካ ግን አውሬው በሕግ ስለሚጠበቅ መነገድ ክልክል ነው።

የፋርስና የኡርዱ ገጣሚዎች አምበርን ለሁለት ነገር ይፈልጉታል፤ ለመዓዛውና ለጥቁረቱ። የወዳጅ ጠጉር በአምበር ይመሰላል። ስሙ ከዚያ የመጣ የፍቅር ስም ይመስላል፤ ባልደረባዬም ልጁን ሲሰይም ያሰበው ይህንኑ ነው።

ግን አምበር ሌላም ታሪክ አለው፤ የአክስቴን ልጅ ስልክ ያልመለስኩለት በዚህ የተነሳ ነው። በቀድሞው የእስላም ዓለም ባሪያ ሲገዛ ስሙ ይለወጥ ነበር። የሚሰጠውም ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሽቶና ከዕንቁ ሣጥን የሚወጣ ነው፤ ካፉር፣ ያቁት፣ መርጃን፣ ሉሉ፣ ረይሐን፣ ዓንበር። ካፉር ማለት ነጩ የሽቶ እንጨት ሙጫ ነው፤ በ968 እ.ኤ.አ. የሞተው የግብፅ ገዢ ካፉር ግን ጥቁር ሰው ነበር። ቀልዱን ያዙልኝ። ነገሩ በጥቁሮች ብቻ የተወሰነም አልነበረም፤ የታላቁ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ያቁት የሮም ምድር ተወላጅ ባሪያ ነበር፤ የዴልሂው የጦር አለቃ መሊክ ካፉርም ሕንዳዊ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የዴልሂዋ ንግሥት ረዚያ ሹም አድርጋ ከፍ ያደረገችው፣ መኳንንቱንም ያስቆጣባት ሐበሻ ስሙ ያቁት፣ ማለትም ቀይ ዕንቁ ነበር። የገዛ አባቱ ያወጣለትን ስም የጻፈልን የለም። እንዲህ ዓይነት ስም የሰውየውን አገር፣ ዘር፣ አባት አይናገርም። የሚናገረው የጌታውን ሀብት ነው።

ወደ መሊክ አምበር ልምጣ። ተወልዶ ያደገው በኢትዮጵያ ነው፤ ዘመኑም በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ። ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ኢተን የትውልድ አካባቢው ከምባታ ነው ይላሉ፤ ሐረር የሚሉም አሉ። (ይህን ስጽፍ «የኛ ነው፣ የናንተ አይደለም» የሚል ክርክር ከወዲሁ ይታየኛል። የሸጠው ሰው ግን የማን እንደሆነ የሚከራከር የለም።) በሞካ ተሸጠ፤ ባግዳድ ገባ። እዚያ ሚር ቃሲም የሚባል ነጋዴ አስተማረው፤ አምበር ያለውም እሱ ነው። ከዚያ በ1570ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሕንድ ደቡባዊ አምባ፣ ወደ ደካን ተወሰደና ለአሕመድናጋሩ ቀዳሚ ሚኒስትር ለቼንጊዝ ኻን ተሸጠ። ልብ በሉ፤ ቼንጊዝ ኻን ራሱም ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው።

ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ። ጥቂት ፈረሰኞች ይዞ ቅጥረኛ ወታደር ሆነ። በ1600 ሙጋሎች አሕመድናጋርን ሲይዙ፣ አምበር አንድ የነገሥታቱን ዘር ፈልጎ አነገሠ፣ ልጁንም ዳረለት፣ እሱም እንደ ራስ እንደራሴ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ገዛ። እዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ ማረም አለብኝ፤ ሕንድን አልገዛም፣ ዙፋን ላይም አልተቀመጠም። የገዛው የደካንን አንድ ክፍል ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ስም። ያደረገው ግን ከዚህ ያነሰ አይደለም። የዓለም ኃያል ከነበረው የሙጋል መንግሥት ጋር ሩብ ምዕተ ዓመት ተዋጋ። ፊት ለፊት ሳይገጥም ስንቅ እየቆረጠ፣ ሌሊት እየመታ፣ የማራታ ፈረሰኞችን እያሰማራ አደከማቸው። ኋላ የማራታን መንግሥት የመሠረተው የሺቫጂ አባት ሻሃጂ ከእሱ ሥር ያገለገለ ሰው ነው። በ1624 ባትቫዲ ላይ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጦር አንድ ላይ ድል አደረገ።

የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በማስታወሻው ስሙን ያለ ስድብ አይጠራም፤ «ፊተ ጥቁሩ አምበር» ይለዋል። በ1616 ገደማ ደግሞ ሠዓሊው አቡል ሐሰን ጃሃንጊርን በጦር ጫፍ ላይ የተሰካ የአምበር ራስ ላይ ቀስት ሲስብ አድርጎ ሣለለት። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። አምበር ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ከዚያም በኋላ አሥር ዓመት ኖሯል። በጦር ሜዳ ያልያዘውን በቀለም ያዘው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቦዩ። አምበር በ1610 ኺርኪ የምትባል ከተማ መሠረተ። ልጁ ፈትሕ ኻን ፈትሕናጋር አላት፤ በ1653 አውራንግዜብ አውራንጋባድ አላት፤ በ2023 ደግሞ ስሟ በይፋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። (ከተማም እንደ ባሪያ ስሙ ይለወጣል ለካ።) አገሩ ድንጋያማና ዝናቡ ወቅት የሚጠብቅ ነው፤ ለከተማና ለሠራዊት የሚሆን ውኃ የለም። አምበር ከከተማዋ በስተሰሜን ካሉት ኮረብቶች ከመሬት በታች ቦይ አስቆፍሮ ውኃ አመጣ። ሊሆን አይችልም ያሉት እንደነበሩ ይነገራል፤ እኔም በቦታው ብሆን ሳልጠራጠር አልቀርም ነበር።

ሥራው የፋርሶቹን ቃናት ይመስላል። ከኮረብታው ሥር የሚሰርገው የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ግንብ ዋሻው እየጠለለ ይገባል፤ ከዚያ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ፓምፕ የለም። ያለ ፓምፕ ውኃ የመራ ሰው ጭንቁን ያውቀዋል፤ ተዳፋቱን ትንሽ ብታበዛው ውኃው ግድግዳውን ይበላል፣ ትንሽ ብታሳንሰው ደለል ይሞላዋል። ያንን ልዩነት ለብዙ ኪሎ ሜትር፣ ከመሬት በታች፣ ያለ ዘመናዊ መለኪያ መጠበቅ ነው ነገሩ። በየርቀቱ ለጽዳት የሚወረድባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ውኃው በቱቦ በሚሄድበት አየሩን የሚያስወጡና ግፊቱን የሚያበርዱ የግንብ ማማዎች ቆመዋል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ውኃ ሲሰጥ ኖሯል። እኔ ያለኮምፒዩተር አንድ ቱቦ መዘርጋት የማልደፍር ሰው፣ የዚያን ቦይ ንድፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት።

ስሙም ናህር ኤ አምበሪ ይባላል፤ የአምበር ቦይ። የቻፑ ቦይ አይደለም።

እዚህ ላይ የቤቴን ጉድ ላንሳ። ታላቅ እኅቴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ ነው እኔን ያስተማረችኝ። ስሟን እንዳልጽፈው ለምናኛለች። እመቤቲቱ «ስምሽ ለምላስ ይከብዳል» ብላ ገና በገባች ቀን ሰዓዳ አለቻት። ከእሷ በፊት የነበረችውም ሰዓዳ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ የመጣችውም ሰዓዳ ተባለች። አንድ ቀን እናታችን ለሦስት ደቂቃ ከፍላ ደወለች፤ ዓረብኛ የሚያውቅ የመን የኖረ ጎረቤት ይዛ ነበር። «እባካችሁ ልጄን» ብላ ስሟን ተናገረች። ጎረቤታችን ጆሮውን ከስልኩ አንሥቶ «እዚህ እንዲህ የምትባል የለችም ይላሉ» አላት። እናቴ ልጄ ሞተች ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። እትዬ እስከ ዛሬ ሰዓዳ የሚል ሰው ከሩቅ ስትሰማ ዘወር ትላለች። ዘወር ማለቷ ያናድዳታል።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ጽፌ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ደውሎ «እና ቻፑ ልበለው?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን ተከራከረኝ፤ ያለማስተዋልም አልነበረም። «ጋሼ፣ ስሙን ነጋዴው ሰጠው እሺ፤ ግን ያን ስም ያስፈራው፣ በከተማና በቦይ ላይ ያስጻፈው ማን ነው? ጃሃንጊር እንቅልፍ ያጣው ለነጋዴው ነው እንዴ?» አለኝ። የላሆሩን ባልደረባዬን ሳጫውተው እሱም በዚያው ወገን ቆመ፤ ልጁ ስሟን ስትጠራ ባርነት ትዝ እንደማይላት፣ ሊላትም እንደማይገባ ነገረኝ። ልክ ነው። እሷ ስሟን ያገኘችው ከአባቷ ነው።

እትዬን ግን ማንም አልጠየቃትም ነበርና ጠየቅኋት። ስለ አምበር አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት፤ ስለ ዓሣ አንበሪው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሥዕሉ። ዝም ብላ ሰማችኝና «እናቱስ ምን ብላ ትጠራው ነበር?» አለች። ቻፑ መሰለኝ አልኳት። «መጨረሻ ላይ፣ ሲሞት ማለቴ ነው፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ነበረ?» አለችኝ።

ልጁ በጥር ተወለደ። ስሙን ያወጣችው እትዬ ናት። የአክስቴ ልጅ አምበርን ለሁለተኛው አስቀምጬዋለሁ ይላል፤ ሚስቱ ደግሞ ሁለተኛ የሚባል የለም ትላለች።