ሴል የራሱን ፕሮቲን ለማፍረስ ለምን ጉልበት ያወጣል?

አንድ ተማሪ ባዮሎጂ ክፍል እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የበላነው ሥጋ ሆድ ውስጥ ያለ ኤቲፒ ይፈጫል። ታዲያ ሴል የራሱን ፕሮቲን ሲያፈርስ ኤቲፒ ለምን ያስፈልገዋል?» አለኝ። መልሱን ስለማላውቅ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍኩት። እኔም ዩኒቨርሲቲ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ኋላ ሳነብ ግን ጥያቄው ሳይንቲስቶችንም ከሃያ ዓመት በላይ ያስጨነቀ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ድሮ የሰውነት ፕሮቲን አንዴ ከተሠራ ብዙ የሚቆይ ይመስል ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከጀርመን ወጥቶ ኒውዮርክ የገባው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ግን በናይትሮጅን 15 ምልክት ያደረገበትን አሚኖ አሲድ አይጦችን እየመገበ፣ ፕሮቲን ያለማቋረጥ እንደሚፈርስና እንደሚሠራ አሳየ። በ1953 ደግሞ ሜልቪን ሲምፕሰን ማፍረሱ ራሱ ጉልበት እንደሚፈልግ በጉበት ላይ አየ። ለምን? መልስ አልተገኘም።

መልሱን ካገኙት አንዱ አብርሃም ሄርሽኮ ነው። በ1937 ሃንጋሪ ውስጥ ከመምህር አባት ተወለደ። በ1944፣ ገና በስድስት ዓመቱ፣ ከእናቱ ጋር በባቡር ተጭኖ ኦስትሪያ ውስጥ ወዳለ የጉልበት ሥራ ካምፕ ተወሰደ። ተረፉ፤ በ1950 እስራኤል ገቡ። አድጎም ሃይፋ ከተማ ከተማሪው ከአሮን ቺካኖቨር ጋር ያልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሴሎችን ማጥናት ጀመረ። በ1980 ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር ሆነው ምስጢሩን ደረሱበት፦ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን እንዲፈርስ በተፈረደበት ፕሮቲን ላይ እንደ ማኅተም ትለጠፋለች። ይቺ ባለ 76 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ዩቢኩቲን ናት። ማኅተሙ ሲደራረብ ፕሮቲያዞም የሚባለው ወፍጮ ፕሮቲኑን ይፈጨዋል።

እንግዲህ ጉልበቱ የሚወጣው ለመፍጨት ብቻ አይደለም፣ ለመምረጥም ነው። ሆድ እኮ አይመርጥም፤ ያገኘውን ይፈጫል። ሴል ግን የቱ ይሂድ የቱ ይቆይ ብሎ ይለያል። ሦስቱም በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለሕክምናስ ምን ጠቀመ? የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ ከካንሰር የሚጠብቀንን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን በዚሁ ማኅተም ያስፈጀዋል። በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቦርቴዞሚብ ደግሞ ወፍጮውን ይዘጋል፤ መልቲፕል ማይሎማ በተባለው የመቅኔ ካንሰር ሴሉ በገዛ ቆሻሻው ታፍኖ ይሞታል። ጎጂውን ፕሮቲን መርጠው ማኅተም የሚያስለጥፉ መድኃኒቶችም ከ2019 ጀምሮ በሰው ላይ ሲሞከሩ ቆይተዋል።

ያ ልጅ ፕሮሰሱ አልቆለት ሄዷል። መልሱን ለሱ ሳልነግረው ስለቀረሁ ለእናንተ ጻፍኩት።