ቀጋና ሌሎች ሐረግ ጽጌረዶች ለደጋ ጓሮ

ቀጋ የኢትዮጵያ የዱር ጽጌረዳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ባሳተመው የጽጌረዶች መጽሐፍ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሰው ሳይተክለው የበቀለ ጽጌረዳ ቢኖር ይኸው ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ በሱዳንና በሶማሊያ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች ይበቅላል። የሚስማማው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመራቤቴ ደጋ ለካቡ ወይም ለአጥሩ ሐረግ ጽጌረዳ የሚሻ ሰው ፍለጋውን ከችግኝ ሻጭ ሳይሆን ከቀጋ ቢጀምር ይሻላል። ሌላው ጽጌረዳ ሁሉ ለዚህ አየር እንግዳ ነው።

ሐረግ ጽጌረዳ ይባል እንጂ እንደ እውነተኛ ሐረግ አይጠመጠምም፤ እንደ ዱባ የሚጨብጥበት ክርም የለውም። የሚወጣው በእሾሁ ነው። የቀጋን ቅርንጫፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እሾሁ ወደ ታች እንደ ማጭድ የጎበጠ መሆኑን ያስተውላል። ረጅሙ ቀንበጥ በጽድ ወይም በካብ ላይ ሲያርፍ እሾሁ ይነክስና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በአጠገቡ ያለፈ የመንዝ በግ ጠጉሩን ትቶ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ እሾህ ከግንዱ እንጨት የወጣ አይደለም፤ ከልጡ ላይ ብቻ የበቀለ ስለሆነ በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፉት ንጹሕ ጠባሳ ትቶ ይነቀላል። የአጋም እሾህ ግን ራሱ እንጨት ስለሆነ እንዲህ አይላቀቅም።

ቀጋ ደጋፊ ካገኘ እስከ 7 ሜትር ይወጣል፤ ካላገኘ ቁጥቋጦ ሆኖ ይንዠረገጋል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። አንዱ ቅጠል ዳራቸው እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ 5 ወይም 7 ትናንሽ ቅጠሎችን ይይዛል፤ በአገዳው ግርጌም ግራና ቀኝ ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ቁራጮች ተጣብቀው ይታያሉ። አበባው ነጭ፣ ባለ 5 ቅጠልና ሽታው የሚያውድ ነው። ዘለላ ሆኖ ይፈነዳል። በአበባው መካከል ቢጫ ዱቄት የያዙት ክሮች ከበው የቆሙት አንድ ቀጭን ዓምድ አለ፤ ይህ የእንስት ክሮቹ ተጣምረው የሠሩት ነው። በአውሮፓና በእስያ ብዙዎቹን ዘለላ አበባ ያላቸው ሐረግ ጽጌረዶች ያስገኘው ወገን የሚታወቀው በዚህ ዓምድ ስለሆነ፣ ቀጋ የእነርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ጓሮ የሚያስጌጥ ሐረግ ጽጌረዳ ከውጭ ብቻ ይመጣል ብሎ ማሰብ ይህን ዝምድና ካለማወቅ የመጣ ነው።

ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ይዞራል። እረኞች ሲበሉት ለሁለት ይፈልጡትና ውስጡን በጥፍር ጠርገው ይጥላሉ፤ ፍሬዎቹን የከበበው ፀጉር ጉሮሮ ይኮሰኩሳልና። የሚበላው ቀዩ ሥጋው ነው።

ከቀጋ ጋር የሚምታቱ ሁለት ተክሎች አሉ። አንደኛው እንጆሪ ነው። እሱም እሾሃም ተንሰራፊ፣ ከጽጌረዳም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ፍሬው ግን ከብዙ ትናንሽ እንክብሎች የተሰበሰበ ሲሆን የቀጋ ፍሬ አንድ ወጥና ለስላሳ ቆዳ ያለው ነው። ሁለተኛው አዞ ሐረግ ነው። ነጭ አበባው ከሩቅ ያሳስታል፤ ሲቀርቡት ግን እሾህ የለውም፣ የሚወጣውም በቅጠሉ አገዳ እየተጠመጠመ ነው። አበባው ሲረግፍ ዘሩ ላባ መሳይ ነጭ ጭራ ያበቅላል።

ከአገራችን ጋር ስሙ የሚነሳ ሌላም ጽጌረዳ አለ። ፈረንሳዊው አሺል ሪቻርድ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፍ፣ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ የተገኘውን ሐመር ሮዝ ጽጌረዳ ቅዱስ የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ ዛሬ በራሱ በሪቻርድ ስም ይጠራል። ይህ ግን አጭር ቁጥቋጦ ስለሆነ ካብ እንዲያለብስ አይጠበቅበትም።

ከውጭ የመጡት ሐረግ ጽጌረዶች በሁለት ይከፈላሉ፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበትም ይኸው ልዩነት ነው። አንዱ ወገን ቀንበጡ ለስላሳና ረጅም ነው፤ ትናንሽ አበቦቹን በዘለላ በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ያወርዳል። ሰፊ አጥርና አሮጌ ዛፍ ይወዳል። ሌላው ወገን ግንዱ ደንዳና፣ አበባው ትልቅ ሲሆን በዓመት ደጋግሞ ያብባል፤ ለበር ቅስትና ለቤት ግድግዳ የሚመች እሱ ነው። ከሁለተኛው ወገን ኒው ዶውን የተባለው ሐመር ሮዝ ዓይነት ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ ለተክል የተሰጠውን የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ደግሞ ከቻይና የመጣችው እሾህ አልባዋ ሌዲ ባንክስ ትመረጣለች። በዝዋይና በሆለታ የሚመረቱት ረጅም አገዳ ያላቸው የእቅፍ አበባ ጽጌረዶች ግን በአብዛኛው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ከእቅፍ አበባ ቆርጦ የተከለ ሰው ዓመታት ቢጠብቅ ግድግዳ የሚያለብስ ሐረግ አያገኝም።

የደጋው ዋና ፈተና ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጠርቶ ነፋሱ ጋብ ሲል ለምለም ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ቅዝቃዜ የሚተኛበትን ረባዳ ትቶ ተዳፋቱን መያዝ፣ ከተቻለም የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውን የድንጋይ ካብ ጥግ መምረጥ ይገባል፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ከ3200 ሜትር በላይ ባለው የጓሳ ሣር ምድር ቀጋ ራሱ ወሰኑ ላይ ስለሚደርስ፣ እዚያ ከውጭ የመጣ ለስላሳ ዓይነት መሞከር ድካም ነው። በሌላ በኩል ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆዎች ሲወረድ ቀጋ ይጠፋል፤ እዚያ ችግሩ ሙቀትና የውኃ ጥም ነው።

የሚተከለው ዝናቡ ሲይዝ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ቀጋ ከቁራጭም ከዘርም ይራባል፤ ዘሩ ግን ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል። ጉድጓዱ ከካቡ ሥር ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ይበል፤ ግድግዳው አጠገብ ያለው አፈር ከዝናብ ይጋረዳልና። ቀንበጡ ሲረዝም ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጫፉ ላይ ብቻ ያብብና ግርጌው ራቁቱን ይቀራል። በጎን አጋድመው በገመድ ሲያስሩት ግን በየጉጡ አጭር ቅርንጫፍ ያወጣና አበባው በቀንበጡ ርዝመት ሁሉ ይደረደራል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚያብበው ዓይነት የሚገረዘው አበባው እንደረገፈ ነው፤ ዘግይቶ ከተገረዘ የሚቆረጠው የመጪው ዓመት አበባ ነው። ፍሬው የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ መቀሱ ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ይቆያል።