ሠላሳ አምስት ከየት መጣ?

አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ቢባል፣ 35 ብሎ ጻፈ እንበል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደርግበትና ወደሚቀጥለው ደብተር ያልፋል። ስድሳ ደብተር ተቆልሎ እየጠበቀው ምን ያድርግ! (ሥነ ጽሑፍ ላስተማርነውም ያ ክምር እንግዳ አይደለም።) ልጁ ግን 35ን ከሰማይ አላወረዳትም። ከሁለት ላይ ሰባት አልቀነስ ሲለው፣ መበደሩን ትቶ ከሰባት ላይ ሁለት ቀነሰ። 83 ሲቀነስ 46 ብትሉት 43 ማለቱ አይቀርም። ሕግ አለው እኮ! የተሳሳተው ሕጉ ነው።

ኮምፒውተር ሒሳብ ማስተማር ሲጀምር ይህን አያይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ፓትሪክ ሳፕስ በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር የተገናኙ የጽሕፈት መሣሪያዎች ትምህርት ቤት አስገቡ። ልጁ መልሱን ይመታል። ከተሳሳተ ማሽኑ “አይደለም፣ እንደገና ሞክር” ይለዋል። ሳፕስ በ1966 ሲጽፉ፣ እስክንድር አርስቶትልን እንዳገኘ ሁሉ ሚሊዮኖች ሕፃናትም በቅርቡ የየራሳቸውን አስተማሪ ያገኛሉ ብለው ነበር። ሕልሙ ደስ ይላል። “እንደገና ሞክር” ብቻ የሚል አርስቶትል ግን ለእስክንድር ምን ሊፈይድለት ነው?

የልጁን ሐሳብ መከተል የጀመሩት ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን “በጊ” የሚባል ጨዋታ ሠሩ። ጨዋታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሳሳት ተማሪ ይሆናል፣ ለመምህርነት የሚሠለጥኑት ደግሞ ጥያቄ እየሰጡት የስሕተቱን ሕግ ፈልፍለው ያወጣሉ። “አገኘሁት” ማለት ብቻ አያሳልፍም። አዲስ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ልክ እንደ ተማሪው ተሳስተው መመለስ አለባቸው። መሳሳትም ፈተና ሆነ ማለት ነው! በ1978 ባወጡት ጥናት ከ1,300 የማያንሱ የኒካራጓ ተማሪዎችን የመቀነስ ሥራ መርምረው፣ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ልጆች አንድን የተሳሳተ ሕግ ሳያዛንፉ እንደሚከተሉ አሳዩ።

ከዚያ በኋላ በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜሎኑ ጆን አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ትክክለኛውንም የተለመደውን የስሕተት መንገድም ለኮምፒውተሩ አስተማሩት። ማሽኑ የመጨረሻውን መልስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ልጁን በየእርምጃው ይከተለዋል፣ ሲቸግረው ፍንጭ ይሰጠዋል። በ1990ዎቹ የአልጀብራው ሥራ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ የጂኦሜትሪውን የሞከረ ክፍል ገብተው ያጠኑት ጃኔት ስኮፊልድ፣ መምህሩ ከሰሌዳው ርቆ ደከም ያሉት ልጆች ዘንድ ከወትሮው የበለጠ ጊዜ ሲያሳልፍ ታዝበዋል።