ስንዱ ገብሩ

ስንዱ ገብሩ (1915–2009 እ.ኤ.አ.) መምህርት፣ የተውኔት ደራሲና የፓርላማ አባል የነበሩ ኢትዮጵያዊት ሲሆኑ፣ የሕይወት ታሪካቸው ከቤተሰባቸው ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። አባታቸው ከንቲባ (የከተማ አስተዳዳሪ) ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩ ስለነበሩ ስንዱንና በኋላ እማሆይ ፅጌ ማርያም ተብለው በፒያኖ ድርሰታቸው የታወቁትን ታናሽ እህታቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ልከው ያስተማሩ ሲሆን፣ ይህም ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማሻገር እንግዳ በሆነበት ዘመን የተወሰደ ደፋር ውሳኔ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ስንዱ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ቡድን ጋር ተሰልፈው ከተማረኩ በኋላ አሲናራ በተባለችው የጣሊያን ደሴት ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ በደሴ አስተምረው ወደ አዲስ አበባ በመዛወር የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። በዚያም ራሳቸው የጻፏቸውን ተውኔቶች ተማሪዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲጫወቱ ያደርጉ ነበር፤ ሴት ልጅ በአደባባይ ድምፅዋን ማሰማት ትልመድ የሚለው ይህ አሠራራቸው ከሥራቸው ሁሉ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ከሆኑ በኋላ፣ በምዕራብ ጀርመን የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትምህርት አታሼ (የትምህርት ጉዳይ ተጠሪ) ሆነው አገልግለዋል።