የአናሳነት ጫና

የቤት ኪራይ የተጨመረበት፣ ልጁ የታመመበት ሰው ይጨነቃል። ይህ የማንኛችንም ኑሮ ነው። «የአናሳነት ጫና» ግን በዚህ ላይ የሚደረብ ነው፤ ሰው በማንነቱ ብቻ ሲገለል ወይም ሲናቅ የሚሸከመው ትርፍ ሸክም። «ጭንቀት» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ጭንቀት ግን ሕመሙን ከሰውየው ላይ ይለጥፈዋል፣ ጫና ጫኝ አለው። «አናሳ» መባሉም በቁጥር አይደለም፤ በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ብዙኃኑ ነበሩ።

ሐሳቡን በ1981 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቨርጂኒያ ብሩክስ ሴት አፍቃሪ ሴቶችን ባጠናችበት መጽሐፍ አነሳችው። ኢላን ሜየር በ1995 በኒው ዮርክ ወንድ አፍቃሪ ወንዶች ላይ ባደረገው ጥናት አጠናከረው። እንደ ሜየር አባባል ጫናው ከውጭ ይጀምራል፦ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከሥራ መባረር። ከዚያ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፦ ምን ይሉኝ ይሆን እያሉ መስጋት፣ መደበቅ፣ በመጨረሻም ራስን መናቅ። የሰደበው ባይኖርም ሰውየው እንደተጠነቀቀ ይውላል። ስጋት ሲሰነብት እንቅልፍ ይታጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል።

መደበቁ ክፉኛ የሚጎዳው ጎጆን ነው። ዘመድ ሊመጣ ሲል ሁለት የሚፋቀሩ ወንዶች አብረው የተነሡትን ፎቶ ከግድግዳ ያወርዳሉ፤ አንዱ ሆስፒታል ሲተኛ ሌላው «ጓደኛው ነኝ» ብሎ ከበር ይመለሳል። እንግዳው ከሄደ በኋላ «ታፍርብኛለህ» የሚል ጠብ ይነሣል። ፍቅራቸው የቀዘቀዘ ይመስላቸዋል።

ችግሩ ከተፈጥሯቸው ነው የሚል አይጠፋም። ማርክ ሃትዘንቢውለርና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ያሳያል። በ2004 እና በ2005 ምርጫዎች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕገ መንግሥታቸው በከለከሉ የአሜሪካ ግዛቶች፣ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ የስሜት መታወክ ከሲሶ በላይ ጨመረ። ባልከለከሉት ግዛቶች እንዲህ አልሆነም። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

ኤች አይ ቪ እኛም አገር ይህን መሰል ሸክም አሳይቶናል። የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ትቶ መድኃኒቱን ከሩቅ የሚያመጣ፣ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ከብልቃጡ አውጥቶ በወረቀት የሚጠቀልል፣ ከትዳር ጓደኛው ተደብቆ የሚውጥ ስንት አለ። ቤቱ ሰው የሞላ ቀን ይዘለዋል፤ መዝለሉ ሲደጋገም ቫይረሱ ያገረሻል። የጤና ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ «ለምን ዘለልህ?» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት።