አስፓይሬሽን፦ ስርገት እና ቅሰማ

ፀዳ ከአዘዞ አለፍ ብላ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ሕመሙ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነበት የፀዳ ሰው የሚላከው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እዚያ ከሐኪሞች አፍ ሊሰማቸው ከሚችሉ ቃላት አንዱ «አስፓይሬሽን» ነው። ሽምብራ ወደ አየር ቧንቧው የገባበት ሕፃን «አስፓይሬት አድርጓል» ይባላል። ካላዛር የተጠረጠረበት የቀን ሠራተኛ ደግሞ ከጣፊያው በመርፌ ናሙና ሲወሰድለት «አስፓይሬሽን ተሠራለት» ይባላል። ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰው ምግብ የሚከለከለውም «አስፓይሬት እንዳያደርግ» ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። ሕፃኑ ላይ የደረሰውና ቀዶ ጥገና ለሚጠብቀው ሰው የሚፈራለት አደጋ ነው፤ ለቀን ሠራተኛው የተደረገው ግን ሐኪሙ አስቦበት የሚሠራው ምርመራ ነው። አደጋውን «ስርገት»፣ ምርመራውን «ቅሰማ» ብንላቸው ሕመምተኛውም አስታማሚውም የሚነገራቸውን በትክክል ይረዳሉ። ይህን የምለው ለቋንቋ ጌጥ ብዬ አይደለም፤ ሁለቱን አለመለየት በጤና ላይ ጉዳት ስለሚያስከትል ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ስም የተጠሩት በታሪክ አጋጣሚ ነው። የቃሉ የላቲን ሥር ከመተንፈስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በኋላ አየር ወደ ውስጥ መሳብን፣ ከዚያም በአየር ግፊት ልዩነት ማንኛውንም ነገር መሳብን ያዘ። ሕክምና ሁለቱንም ወረሰ። በአንደኛው ትርጉም ምግብ፣ መጠጥ፣ ምራቅ፣ ትውከት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ከድምፅ አውታሮች አልፎ ወደ አየር ቧንቧና ወደ ሳንባ ይገባል። በሌላው ፈሳሽ፣ ሕዋስ ወይም አየር በመርፌ፣ በሲሪንጅ ወይም በመምጠጫ መሣሪያ ከሰውነት ይወጣል። አንዱ ወደ ውስጥ ነው፣ ሌላው ወደ ውጭ፤ አንዱን እንከላከለዋለን፣ ሌላውን ፈልገን እናሠራዋለን። «አስፓይሬሽን አለው» እና «አስፓይሬሽን ያስፈልገዋል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስታማሚ ቢያምታታቸው አይፈረድበትም።

ለመጀመሪያው ትርጉም አማርኛ ድሮውንም ቃል አለው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እሱም «ትንታ» ነው። ውሃ በተሳሳተ መንገድ ሲሄድ «ትን አለኝ» የማይል ሰው የለም። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ትንታ ግን በትክክል ሲታይ የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው፦ ባዕድ ነገር የአየር ቧንቧውን በር ሲነካ የሚመጣ ድንገተኛና ኃይለኛ ሳል። ነገሩ ወደ ሳንባ መግባቱ ሌላ ክስተት ነው። ትንታ ኖሮ ምንም ላይገባ ይችላል፤ ሳሉ ሥራውን ሠርቶ መልሶታል ማለት ነው። ትንታ ሳይኖር ደግሞ ብዙ ሊገባ ይችላል፤ ሐኪሞች በእጅጉ የሚፈሩት ይህንን ነው። ስትሮክ የመታው ሰው የጉሮሮው ስሜት ሲደክም ሾርባው ወደ ሳንባው እየወረደ አንድም ጊዜ ላይስል ይችላል። ከጠጣ በኋላ ድምፁ እርጥብ እርጥብ ማለቱ፣ ትንፋሹ መፍጠኑ፣ ከቀናት በኋላም ትኩሳት መምጣቱ ብቻ ነገሩን ያሳብቃል። «ትን አላለውም፣ ደህና ነው» የሚል አስታማሚ የሚሳሳተው ቃሉ እንዲህ እንዲያስብ ስላስተማረው ነው። «ሰረገ» የሚለው ግስ ግን ፈሳሽ ቀስ ብሎ፣ ሳይታይ ወደ ውስጥ መግባቱን ስለሚናገር ድምፅ አያስፈልገውም። ስለዚህ ትንታ የማስጠንቀቂያው ስም ሆኖ ይቆይ፤ የመግባቱ ስም ስርገት ይሁን።

ልዩነቱ በሕፃናት ላይ ጎልቶ ይታያል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚፈጭበት ጥርስ ሳይኖረው የሽምብራ ቆሎ ወይም ለውዝ ይይዛል። እየሮጠ ወይም እየሳቀ ሳለ ፍሬው ያመልጠውና ይገባል፤ የቀኙ የሳንባ ቧንቧ ከግራው ይልቅ ሰፊና ወደ ታች የቀና ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው። ልጁ ፊቱ እስኪቀላ ይስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቤተሰቡም «አለፈለት» ይላል። ነገር ግን ሳሉ የቆመው ፍሬው ወጥቶ ሳይሆን አንድ ቦታ ስለተቀመጠና ቧንቧው ስለለመደው ሊሆን ይችላል። እርጥበት የጠጣ ሽምብራ ያብጣል፣ ቧንቧውን ይዘጋል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ልጁ ሲር ሲር በሚል ትንፋሽና በማይለቅ የሳንባ ምች ተይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ሐኪሙ «ቀደም ሲል ትን ብሎት ነበር?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ቤተሰቡም ካላስታወሰ፣ ልጁ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ሲመላለስ ይቆያል። አራስ ሕፃንን ቅቤ የማላስ ልማድም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። ቅባት የሳል ስሜትን እምብዛም ስለማይቀሰቅስ ያለ ምንም ትንታ ወደ ሳንባ ሊሰርግና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሳንባ ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅን እንዲያስመልሰው ማድረግም እንዲሁ ነው። ጋዙ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ከሰረገ ነውና፣ ሳያስመልሱ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰው ምግብ የሚከለከልበት ምክንያትም ስርገት ነው። የኒውዮርኩ የማሕፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ ከ44,016 ነፍሰ ጡሮች መካከል በሰመመን ሳሉ የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባባቸውን 66 ሴቶች መዝግቦ አሳየ። በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ ደግሞ ሳንባን የሚያቃጥለው በዋናነት የጨጓራ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ። ሰመመን የሳልና የመዋጥ መከላከያን ያጠፋል፤ ሆድ ሙሉ ከሆነ ይዘቱ ወደ ላይ ተመልሶ ያለ ትንታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መመሪያ ከሰመመን በፊት ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ክፍተት ይጠይቃል። አጥሚት፣ ወተትና ተልባ ቢጠጡም ከንጹሕ ውሃ አይቆጠሩም። «ባዶ ሆዱን አድሮ እንዴት ቢላ ይችላል» ብሎ አጥሚት ደብቆ የሚያቀምስ ዘመድ የሚያደርገው ከፍቅር ነው፤ ክልከላው ምን እንደሚከላከል ስላልተነገረው ሥርዓት ብቻ ይመስለዋል። «ስትደነዝዝ የበላኸው ወደ ሳንባህ እንዳይሰርግ ነው» ቢባል ግን ያ ዘመድ ራሱ ጠባቂ ይሆናል።

አሁን ወደ ቅሰማ እንምጣ። ጎንደር ይህን ምርመራ በደንብ ታውቀዋለች፤ ምክንያቱ ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሑመራ ቆላ ትገኛለች፤ ከደጋው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ ወጣቶች እዚያ ይነደፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሽታው ከቆላው ወጥቶ ከፀዳ በስተ ደቡብ፣ በዚያው አውራ ጎዳና መስመር በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ሆኖ ተከሰተ፤ መጀመሪያም ወባ መስሎ ነበር። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትኩሳት፣ ክሳትና ያበጠ ጣፊያ የወባም የሌላም በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ፈጣኑ የደም ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ በሕንድ ክፍለ አህጉር ያለውን ያህል አያስተማምንም፤ ቀድሞ ታክሞ በሽታው ባገረሸበት ሰው ላይ ደግሞ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። ስለዚህ ተሕዋሱን ራሱን ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጣፊያ የተቀሰመ ናሙና በሽታውን ከ93 እስከ 99 በመቶ ያሳያል፤ ከመቅኔ የተወሰደው ከ53 እስከ 86 በመቶ፣ ከንፍፊት የተወሰደው ከ53 እስከ 65 በመቶ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ፍርሃትን ይቀንሳል። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፤ ሐኪሙ ያበጠውን ጣፊያ በእጁ ዳስሶ ጠርዙን በእስክሪብቶ ያሰምራል። ቆዳው በአልኮል ይጸዳል። 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ላይ የተገጠመ ቀጭን መርፌ ከቆዳው ሥር ብቻ ይገባል፤ ከዚያ የሲሪንጁ ገፊ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ምልክት ወደ ኋላ ይሳብና የመሳብ ግፊት ይፈጠራል። መርፌው ጣፊያው ውስጥ ገብቶ በዚያው መስመር ይወጣል፤ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። የሚገኘው ጠብታ እንኳ የማትሞላ ነገር ናት፤ በመስታወት ላይ ተቀብታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የተሕዋሱ ብዛት ከ0 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ ይለካል። አደጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከሺህ ምርመራዎች በአንዱ ገደማ ለሕይወት የሚያሰጋ የውስጥ መድማት ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ40,000 በታች ለወረደበት፣ የመድማት ዝንባሌ ላለው ሰው ወይም ለነፍሰ ጡር አይሠራም፤ የተሠራለትም ለሰዓታት ተኝቶ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይጠበቃል። ትንፋሽን መያዝና አለመንቀሳቀስ ከሕመምተኛው የሚጠበቅ ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ የሚወጣውም ምን እንደሚደረግለት የገባው ሰው ነው።

«ቅሰማ» የሚለውን የመረጥኩት ንብ ከአበባው ጥቂት ወስዳ አበባውን ሳትቆርጥ እንደምትሄደው፣ መርፌውም ክፍሉን ሳይቆርጥ ጥቂት ሕዋስ ስለሚወስድ ነው። ይህ ከባዮፕሲ ቀዶ ምርመራ ይለየዋል። አንገቱ ላይ እብጠት ላለው ሰው በቀጭን መርፌ የሚሠራው ምርመራ እንዲሁ ቅሰማ ነው፤ እብጠቱ እንቅርት ይሁን፣ በአገራችን የበዛው የንፍፊት ቲቢ ይሁን ወይም ካንሰር ብዙ ጊዜ ያለ ቢላ የሚለየው በዚህ ነው። እዚህ ላይ «መቅዳት» የሚለው ቃል አለ የሚል ሌላ ተቃውሞ ይመጣል። ሰው «ከጀርባው ውሃ ተቀዳ፣ ከሳንባው ውሃ ቀዱለት» ይላል፤ ትክክልም ነው። ለፈሳሽ መቅዳት ይቀጥል። ከእብጠት ወይም ከጣፊያ የሚወሰደው ግን ውሃ አይደለም፤ «ሊቀዱህ ነው» ሲባል ደሜ ሊሟጠጥ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው አለ። በመሣሪያ ማሕፀንን ማጽዳትም በእንግሊዝኛው ስም አስፓይሬሽን ይባላል፤ እሱ ግን ናሙና መውሰድ ሳይሆን ሕክምና ስለሆነ «መምጠጥ» ቢባል ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው፦ ሐኪም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አዲስ ቃል ማምጣት በባለሙያዎች መካከል ስሕተት ይፈጥራል ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ካርዱ እንዳለ ይቆይ የሚል ነው። ሐኪም ለሐኪም «አስፓይሬሽን» ይበል፤ ዐውዱን ስለሚያውቁ አይምታታባቸውም። ቃሉ የሚለወጠው ሐኪሙ ከካርዱ ቀና ብሎ ወደ ሕመምተኛው ሲዞር ነው። ጎንደር ለዚህ ልዩ ኃላፊነት አለባት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በገጠር፣ በሕዝቡ መካከል ገብተው እንዲሠሩ ነበር። በሕዝብ መካከል የሚሠራ ሰው የሕዝቡን ቋንቋ የሥራው መሣሪያ ማድረግ ግድ ይለዋል። አዲስ ቃል ለጆሮ እንግዳ ነው ከተባለም፣ ስርገትና ቅሰማ ከሚታወቁ ግሶች የወጡ ስለሆኑ አንድ ጊዜ ከነምክንያታቸው የሰማቸው ሰው ሁለተኛ ማብራሪያ አይፈልግም፤ «አስፓይሬሽን» ግን መቶ ጊዜ ቢሰማም ትርጉሙን ከራሱ አይሰጥም።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው በስምምነት ቅጽ ላይ ነው። ከጣፊያ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ ይፈርማል። ፊርማው ዋጋ የሚኖረው ፈራሚው የሚደረገውን፣ ጥቅሙንና አደጋውን ሲያውቅ ነው። «አስፓይሬሽን ይሠራልሃል፣ ፈርም» የተባለና ትናንት በአጠገቡ ስላለ ሕመምተኛ «አስፓይሬት አድርጎ ሞተ» ሲባል የሰማ ሰው ቢፈርምም ባይፈርምም ውሳኔው የራሱ አይደለም። «ከጣፊያህ በመርፌ ጥቂት እንቀስማለን፤ አንድ ሰከንድ አይፈጅም፤ የመድማት አደጋ ስላለው እስከ ማታ ተኝተህ እንጠብቅሃለን» የተባለ ሰው ግን መጠየቅ፣ መስማማት ወይም እምቢ ማለት ይችላል። የጤና ተቋማት ቅጾቻቸውንና የምክር ጽሑፎቻቸውን በእነዚህ ሁለት ስሞች ቢያስተካክሉ ወጪው ጥቂት የሕትመት ወረቀት ነው። አስታማሚም ሐኪም «አስፓይሬሽን» ባለው ቁጥር አንድ ጥያቄ ማንሳት መብቱ ነው፦ ወደ ውስጥ የገባ ነገር ነው ወይስ ከውስጥ የሚወጣ?