ፈትል፣ የማን ትርፍ ጊዜ?

ከመካከላችን አንዷ ለሥራ ፍለጋ ሲቪዋን ስታዘጋጅ ‹‹ሆቢ›› የሚለው መስመር ላይ ደረሰች። እንደ ሁላችንም ‹‹ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ›› ብላ ማለፍ ትችል ነበር። አላለፈችም። ‹‹ጥጥ መፍተልና ሹራብ መሥራት›› ብላ ጻፈች። ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ ጠያቂ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየና ‹‹አንቺ ነሽ ወይስ አያትሽ?›› አላት። የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። (ሥራውን አላገኘችም። በፈትሉ ምክንያት ነው ብለን ግን አንምልም።)

ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ስታወራልን እኛም ሳቅን። ቆይቶ ግን ነገሩ ይከነክነን ጀመር። ሆቢን በአማርኛ ‹‹የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ›› እንለዋለን። አያቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ የኖሩት በትርፍ ጊዜያቸው ነበር እንዴ? ለመሆኑ ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር ነበራቸው?

ፈትል የጀመርነው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ የሚፈትሉ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን ብንጽፍ ቅር ይላቸው እንደሆነ ስንጠይቃቸው ‹‹ክር መፍተል ምን ያስጽፋል ልጆቼ?›› አሉን። ስለዚህ እማማ እያልን እንቀጥላለን። አስተምሩን ስንላቸው በደስታ እሺ አሉ፤ ቅዳሜና እሑድ እንመጣለን ስንላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። በሰንበት እንዝርት አይነካም። በወር በዓላትም እንደዚያው፤ ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት እያሉ የሚዘሏቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። እኛ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነን። የእኛ የመዝናኛ ቀን ለእሳቸው የእረፍት ቀን ሆነና ተላለፍን። በመጨረሻ በሳምንቱ መካከል ከሥራ በኋላ አመሻሽ ላይ ተስማማን።

ጥያቄያችን ግማሽ መልሱን ያገኘው ያኔ ነው። በበዓል ቀን ማረስ፣ መፍጨት፣ መፍተል አይፈቀድም። ቡና አፍልቶ መጨዋወት ግን ይፈቀዳል። የአገሩ የቀን መቁጠሪያ ፈትልን ከጨዋታ ጋር ሳይሆን ከእርሻና ከወፍጮ ጋር መድቦታል ማለት ነው። ደመወዝ አልተከፈለበትም እንጂ ሥራ መሆኑ በደንብ ይታወቅ ነበር። (ያቺ ጓደኛችን ይህን ስትሰማ መስመሩን ከ‹‹ሆቢ›› አንስታ ‹‹ችሎታ›› ከሚለው ሥር አስገባችው።)

ሙያው ሲታይ ምንም አይመስልም። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ እየተገፋ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየነዘረ ጥጡን ያፈካዋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ በአንድ እጅ ባዘቶ፣ በሌላው እንዝርት፤ እንዝርቱን ጭን ላይ በመዳፍ ሸርተት አድርጎ ማሾር፣ ጥጡን እየሳቡ ማቅጠን፣ የከረረውን እንዝርቱ ላይ መጠቅለል። ሲሞላ ልቃቂት ይባላል። ይኸው ነው። እማማ ይህን ሁሉ የሚሠሩት የልጃቸውን ልጅ እየተቆጡና ድስቱን በአፍንጫቸው እየጠበቁ ነው። እኛ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ክንድ የሚሞላ ክር ሳይበጠስ ማውጣት አቃተን። ‹‹እንደ እንዝርት ትሾራለች›› ሲባል ስንሰማ ያደግነውን አባባል፣ እንዝርቱ ሦስት ዙር ዞሮ ዘፍ ሲልብን በሌላ ጆሮ ሰማነው።

ታሪኩን ማገላበጥ የጀመርነው እንግዲህ ጣታችን እየታመመ ነው። ጥጥ በአገራችን ጥንታዊ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኖባ ላይ ስለ መዝመቱ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ይገኛል። ከዚያም በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የነጋዴዎች መምሪያ በአዱሊስ ወደብ ከግብፅና ከሕንድ ልብስ ይገባ እንደነበር ይናገራል። የውጭ ጨርቅ ፍቅራችን በቦሌ ቡቲኮች አልተጀመረም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በደጋው አገር ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ልብስ ነው፤ ያገኙት ክብር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሸማኔው ይናቅ ነበር። ‹‹ቁጢት በጣሽ›› የሚል የስድብ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። አዋጁ ግን አፍን በአንድ ቀን አልዘጋም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶችና ሸማኔ ወንዶች፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙት ሸማኔዎችም ስድቡን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተሸክመውታል። ከተሜው ከጋሞ የመጣውን ሁሉ በአንድ ስም ‹‹ዶርዜ›› ማለቱ ራሱ የዚያ ቅሪት ይመስለናል፤ ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው።

ለፈታይዋ ግን እንዲህ ያለ ስም አልወጣላትም። እንዲያውም ፈትል የጨዋ ሴት ሙያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮፓውያን ተጓዦች ከድሃዋ ገበሬ እስከ ትልልቆቹ ወይዛዝርት ድረስ ሴት ሁሉ ትፈትል እንደነበር ጽፈዋል። ልጅቷ ለጋብቻ ስትታሰብ ቀጭን ክር ማውጣቷ ከባልትናዋ እኩል ይነሣላት ነበር። የክብሩ ሥር የጠለቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መልአኩ ገብርኤል ብሥራቱን ይዞ ሲመጣ እመቤታችን ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል ነበር፤ በእጇ እንዝርት ይዛ የምትታይባቸው የብሥራት ሥዕሎችም አሉ። እንዝርት የያዘን እጅ ማን ደፍሮ ይሰድባል?

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ይመስለናል። ሸማኔው እየተሰደበም ቢሆን ይከፈለው ነበር። የቤቱ እመቤት የፈተለችውን ልቃቂት ወስዳ ትሰጠዋለች፤ የእጁን ዋጋ በገንዘብ ወይም በእህል ይቀበላል። እሷስ? የወራት ሥራዋ የባሏና የልጆቿ ልብስ ሆኖ ይመለስላታል፣ ‹‹ባለሙያ ናት›› የሚል ምርቃት ይታከልበታል። እሱ ስድብና ክፍያ አገኘ፤ እሷ ክብርና ዝምታ። የትኛው እንደሚሻል እኛም እርስ በርስ አልተስማማንም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ላላገባች ሴት የሰጡት ‹‹ስፒንስተር›› የሚል ስም ቃል በቃል ‹‹ፈታይ›› ማለት ነበር። በእነሱም ዘንድ አንድ ሸማኔ የሚጨርሰውን ክር ለማቅረብ ብዙ ሴቶች መፍተል ነበረባቸው። ጄምስ ሃርግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ብዙ እንዝርት በአንዴ የሚያሾረውን መሣሪያ የሠራውም የክር እጥረት ባለበት ጊዜ ነው። ጋንዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈትልን የነፃነት ትግል መሣሪያ አደረገው፤ ጠበቃውንም ፖለቲከኛውንም ፍተል አለ፣ ራሱም በየቀኑ ፈተለ። እኛ ዘንድ ወንዱን ቁጭ በልና ፍተል ያለው መሪ አልተነሣም። (ከጓደኞቻችን አንዱን ሞክር ብለነው ነበር። ፎቶ ተነሥቶ ሄደ።)

ወደ አገራችን ማሽን የመጣው በጨርቅ መልክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣው አቡጀዲ ገበያውን መልመድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ሸቀጥ መንገድ አጠረለት። በ1939 ጣሊያኖች ድሬዳዋ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከሉ፤ አቃቂ ላይ የሕንድ ባለሀብቶች የገቡበት ተከተለ፤ በ1961 ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳሩ ተከፈተ። የእኛ ሰፈር ቦሌ በዚያው ዘመን ነው እርሻነቱን ትቶ ከልደታ ለተዛወረው አውሮፕላን ማረፊያ ቦታ የለቀቀው።

ፋብሪካ ሲመጣ እንዝርት ይሞታል ብሎ የገመተ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው። ልብስ ድርና ማግ አለው። ድሩ በሽመና ዕቃው ላይ ተወጥሮ ሲፈተግና ሲሳብ የሚውል ነው፤ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ማጉ ግን በመወርወሪያ ገብቶ ድሩ ላይ ይተኛል፤ ቢለሰልስ አይጎዳም። የድሮ ሴቶች ሁለቱንም ይፈትሉ ነበር፤ ለድሩ ቀጭንና ክርር ያለውን፣ ለማጉ ለስለስ ያለውን። ፋብሪካው ድሩን ወሰደ፣ ማጉን ለእናቶች ተወላቸው። ዛሬም ፈትል ተብሎ የሚሸጠው ልብስ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። ጋቢ ለብሳችሁ ሙቀት የሚሰማችሁ ከዚያ ልል ከሆነ ማግ ነው።

ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ሻጩ ‹‹ፈትል ነው መነን?›› ብሎ ይጠይቃችኋል። ፈትሉ ይወደዳል። ማን ሸመነው ስትሉ ‹‹የጋሞ ልጆች›› ይባላል፤ ማን ፈተለው ስትሉ ትከሻ ይነቀነቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሳባሃር ጥጥና የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝ ሐር በእጅ እያስፈተለ ያሸምናል፤ ለፈታዮቹም ይከፍላል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገኝ ደስ ይለናል። አብዛኛው ፈታይ ግን አሁንም እንደ እማማ በረንዳ ላይ ነው።

ስለ ሹራቡም እንናገር። የከተማ እናቶቻችን ቤቱን ያለበሱት በዳንቴል ነው፤ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው ሳይቀር በኪሮሽ የተሠራ ልብስ ነበረው። ክሩ ግን የሱቅ ነበር። እኛ ብልጥ የሆንን መስሎን ራሳችን በፈተልነው ጥጥ አንገት ልብስ ሠራን። ሲያልቅ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን አዘመመ! እማማ አይተው እስኪያነቡ ሳቁ። ኋላ እንደገባን ነጠላ ክር ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለከረረ ሹራቡንም ይዞት ይጠመዘዛል። ሁለት ክር አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው መገመድ ነበረበት። የእማማ ማግ ብቻውን እንዲቆም የተሠራ ክር አይደለም። ለሹራብ የሚሆነው ምናልባት የመንዝ የበግ ፀጉር ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ሴቶቹ ፀጉሩን ፈትለው ወንዶቹ ባናና በርኖስ ይሸምኑበታል። ገና አልሞከርነውም።

ባለፈው ክረምት የእማማ ዓይን ሞራ ጀመረው። ውጭ አገር ለምትዳረው የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጋቢ ሲፈትሉ ነበር፤ ማጉ ጥቂት ጎደለ። ሌላ ፈታይ ልንቀጥርላቸው ብንል እምቢ አሉ። ‹‹እናንተ ጨርሱት›› አሉን። በየሳምንቱ ሁለት ማታ እየተሰበሰብን ሁለት ወር ፈጀብን። እንዲህ ስንሠራ ሆቢ የሚለው ቃል አንዴም ትዝ አላለንም፤ የፈራነው የሰው ሠርግ ልብስ ማበላሸትን ነበር።

ልቃቂቶቹን በፌስታል ይዘን ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ቤት ሄድን። እማማ የላኩት ነው አልን እንጂ ስለ ራሳችን ምንም አልተናገርንም። አንድ በአንድ እያወጣ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፤ ዝም ብሎ ሁለት ቦታ ይከምር ጀመር። ትልቁ ክምር የእማማ ነው። ትንሹን እንደገና አነሣና ሦስት ቦታ ከፈለው። ቀና ብሎ አየን።

‹‹ይቺን ማናችሁ ናችሁ የፈተላችኋት?››

ባለሲቪዋ ጓደኛችን እጇን አነሣች።

‹‹አንቺ ትደርሻለሽ። የእነዚህ የሁለቱ ወፍራም ነው። ጋቢ አራት ንብብር አይደል፣ ውስጠኛው ላይ አስገባዋለሁ፤ አይታይም፣ ይሞቃል።›› ከዚያ ቀጠሮ ሰጠን፤ ለፋሲካ ይደርሳል አለ።